ከክኒኑ ጋር አንድ ምዕራፍ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ በርበሬ መቀንጠስ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቡሬ ገበያ ያመጣነውን የዓመቱን በርበሬ ፍኖተ ሰላም ባለው ግቢያችን ጆንያ ላይ ዘርግተን፣ እሱ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ተቀምጠን እንቀነጥሳለን። አንማው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ለማስተማር የማይደክም ሰው በርበሬ ላይ ሲሆን ግን ይለግማል። አንድ ዛላ ቀንጥሶ ሁለት ጊዜ ያነጥሳል።

«ይማርህ» አልሁት።

«ስንት ጊዜ ልትይኝ ነው? አንዴ ለሁሉም በይኝና ተገላገይ።»

«አንተ እኮ ሥራ ለመሸሽ ነው የምታነጥሰው።»

«እንግዲህ አፍንጫዬን ክሰሽው።»

ልጃችን ራሄል ደጃፉ ላይ ቆማ ትስቅብን ነበር። ስንጨርስ እጃችን እንዳያቃጥለን በዘይት አሽተን ታጠብንና ቤት ገባን። አንማው እራት እስኪቀርብ መጽሐፍ ቅዱስ አውጥቶ ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ ነበረው። እኔ ድንች እየላጥሁ ወይም የተማሪ ደብተር እያረምሁ እሰማለሁ። እሱ እስካነበበ ድረስ እኔ ማንበብ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም ነበር። የዚያን ቀን ያነበበው ምን እንደሆነ አላስታውስም። ድንች እየላጥሁ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የባልደረባው እናት ሞተው ለቀብር ደምበጫ ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለያዘኝ ሕመምና ስለተነሣሁበት መንገድ ነው። ቀስ እያልሁ ነው የምጽፈው። ሐዘን ላይ ያላችሁ፣ ሰውነታችሁ የሚነግራችሁን ሁሉ «ሐዘን ነው» ብላችሁ የምታልፉ ሰዎች ብታነቡት ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ።

እንደ አገሩ ወግ ጥቁር ለበስሁ። ቀሚሴም ነጠላዬም ጥቁር ነበሩ። ጥቁሩን ሻሽ ራሴ ላይ አስሬ ጫፉን አንገቴ ዙሪያ እጠመጥመዋለሁ። ዓመቱ እስኪሞላ እንዲሁ ነው የሚኬደው። ማንም አንገቴን አላየም። እኔም አላየሁትም። መስተዋት ከማየት የራቅሁ ሰው ነበርሁ።

እኔ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ፊደል አስቆጥራለሁ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። መስመሩ እየተጥመዘመዘ ወጣ። ከፊት ወንበር አንዱ ሕፃን፣ «ቲቸር፣ ፊደሉ በርዶታል» አለ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዞር ብዬ ግን እጄን አየሁት። ልይዘው ብሞክር አልያዝልሽ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። ልቤ ሮጦ እንደመጣ ሰው ትመታለች፤ ተቀምጬም ትመታለች። ሰው ጋቢ ሲደርብ እኔን ላብ ያጠምቀኛል። እበላለሁ፤ እንዲያውም ከድሮዬ የበለጠ እበላለሁ፤ ቀሚሴ ግን በየሳምንቱ ይሰፋኛል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ሌሊት የልቤን ምት እያዳመጥሁ፣ አሁን ብታቆም ራሄል ጠዋት ስትነሣ ምን ታገኝ ይሆን እያልሁ እፈራለሁ። ትዕግሥትም አለቀብኝ። በሃያ ዓመት ማስተማር ተማሪ ላይ ጮኼ የማላውቅ ሴት፣ እርሳስ ወደቀ ብዬ መጮህ ጀመርሁ።

ጎረቤት ሁሉ አንድ ነገር ይላል፦ «ሐዘን ነው የሚበላሽ።» እኔም አመንሁ። ደግሞስ እንዴት አላምን?

በዚያ ዘመን ግምገማ የማይደርስበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም። በትምህርት ቤታችን ግምገማ ላይ አንድ ወጣት ባልደረባችን ተነሥቶ፣ «መምህርት የሻረግ የሥራ ተነሣሽነት ይጎድላታል፤ ክፍል ውስጥም ተቀምጣ ታስተምራለች» ብሎ ገመገመኝ። አንዲት አንጋፋ መምህርት ከኋላ ሆና፣ «ባሏን ቀብራ ተነሣሽነት ከየት ታምጣልህ? ከሱቅ ትግዛ?» አለችው። ቤቱ ሳቀ፤ ስብሰባውም አለፈ። እኔ ግን የተቀመጥሁት እግሬ ስለማይሸከመኝ መሆኑን ለማንም አልተናገርሁም።

ክሊኒክ ሄድሁ። አንዱ ጋ ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒት ተሰጠኝ። ሌላው ጋ ታይፎይድ ከታይፈስ ጋር ነው ተባልሁ። ሦስተኛው ጋ ጨጓራ ሆነ። የመጨረሻው ሰው ደግሞ ልቤን አዳምጦ፣ ጭንቀት መሆኑን ነግሮኝ፣ ዘመድ ጋ ሄጄ እንድሰነብት መከረኝ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አሁን ሳስበው ግን አንድ ነገር ይገባኛል፤ ጥቁር ለብሼ ገብቼ ባሌ መሞቱን ስነግራቸው ፊታቸው ይለዝብና መጠየቃቸውን ያቆማሉ። ያዝኑልኛል። ሐዘኔታቸው ምርመራውን አሳጠረው።

ክረምቱ ሲገባ የአንማው እናት እማማ ድንቄ ከቋሪት መጡ። አገራቸው ከገበዝ ማርያም ዝቅ ብሎ ያለ የገብስ አገር ነው። ልጃቸውን ቀብረው ገና እንባቸው ሳይደርቅ እኔን ሊያስታምሙ መጡ። ገና እንደገቡ የአንማውን መጽሐፍ ቅዱስ ከመደርደሪያ አወረዱና በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከትራሴ ሥር አኖሩት።

«ከራስጌሽ አይለይ። ክፉ መንፈስ አይቀርብሽም» አሉ።

ራሄል፣ «እማማ፣ መጽሐፍ እኮ የሚነበብ ነገር ነው» አለቻቸው።

«ማን ያንብበው? እናትሽ ቀልብ የላት፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁ። አንቺም ጫወታ ላይ ነሽ። መኖሩ ይበቃል።»

በአገራችን ብዙ ቤት እንዲህ ነው። መጽሐፉ ከበሽተኛ ራስጌ ይኖራል፤ ሕፃን ለብቻው ሲተኛም ትራሱ ሥር ይደረጋል። ክፋት የለበትም። ነገር ግን ያ መጽሐፍ ለወራት ከጭንቅላቴ በታች ተኝቶ አንድ ቀን እንኳ አልተገለጠም።

ራሄል በመስከረም አሥረኛ ክፍል ገባች። የብሔራዊ ፈተና ዓመቷ ነበር። ጥቂት ሳምንት እንደተማረች ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን ሳትለብስ ማየት ጀመርሁ። ምነው ብዬ ብቆጣት፣ «አባዬን ትምህርት ቤት ሆኜ ነው ያጣሁት፤ አንቺን እዚያ ሆኜ አላጣሽም» አለችኝ። ይህ ቃል ከልቤ ምት የበለጠ አስፈራኝ። የእኔ ሕመም የእሷንም ሕይወት ሊወስድ ነው ማለት ነው። መዳን አለብኝ ብዬ የወሰንሁት ያን ቀን ነው።

ቡሬ አንድ ጠንቃቃ ሐኪም አለ ሲባል ሰምታ፣ ጥቅምት ላይ ራሄል ይዛኝ ሄደች። መጠበቂያው ረጅም የእንጨት አግዳሚ ነበር። ሰዉ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ገሚሱ መሬት ላይ ነው። እኔ ላቤ እየወረደ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት እጄን ያዙኝና ቦታቸው ላይ አስቀመጡኝ። ተራቸው ሲደርስም፣

«አንቺ ግቢ ልጄ» አሉኝ።

«ኧረ እርሰዎ ቀድመዋል እናቴ፤ አይሆንም።»

«ግቢ አልሁሽ! የኔ ቁርጥማት ከደርግ ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬን አይቸኩልም።»

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ገባሁ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። እጆቼን ዘርግቼ እንድይዝ አደረገና መንቀጥቀጣቸውን አየ። ሲጠይቀኝ አንማው መሞቱን ነገርሁት። እሱም አዘነ፤ ግን መጠየቁን አላቆመም። ከዚያ፣ «ሻሹን ይፍቱልኝ» አለ።

ጫፉን በእጄ አጥብቄ ያዝሁት። ዓመቱ ገና አልሞላም። ከቤተሰብ ውጭ በሆነ ሰው ፊት፣ ያውም በወንድ ፊት፣ የሐዘኔን ሻሽ መፍታት ባሌን ዳግመኛ እንደ መቅበር ሆነብኝ።

ራሄል ከኋላዬ መጣችና ጆሮዬ ሥር፣ «እማዬ፣ አባዬ እኮ አይቀየምም» አለች። ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው።

ሐኪሙ ውኃ በብርጭቆ ሰጠኝና ጎንጨት ብዬ እንድውጥ ነገረኝ። ስውጥ አንገቴን ትክ ብሎ አየው። «ይህ እንቅርት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እንቅርት የለኝም» አልሁ።

እጄን ቀስ ብሎ ይዞ አንገቴ ላይ አኖረው። ዳሰስሁት። ከጉሮሮዬ በታች በሁለቱም በኩል ያበጠ ለስላሳ ነገር አለ። እንቅርት በእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ የብዙ ሰው አንገት ላይ እናየዋለን፤ ካላነቀ በቀር ያማል ብለን አናስብም። ሐኪሙ አንገት ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ እንዳለች፣ ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የምታዝ እሷ እንደሆነች አስረዳኝ። የእኔ ዕጢ ያለ ልክ እያዘዘች ነው። ልቤን የምታስሮጠው፣ ሥጋዬን የምታቀልጠው፣ እንቅልፌን የነሣችኝ፣ ቁጣዬንም ያበዛችው እሷ ናት። ተረቱ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል፤ የእኔ በሐዘን ላይ እንቅርት ሆነ።

ባሕር ዳር ተልኬ በደም ምርመራ ተረጋገጠ። ክኒን ታዘዘልኝ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሚዋጥ። ያዘዘችልኝ ሐኪም፣ «ቢሻልሽም እንዳታቋርጪ፤ ይህ በሽታ መድኃኒቱን ሲያቋርጡበት ይቆጣል» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስሁ። እብድ እየሆንሁ አለመሆኔን የነገረኝ ሰው በማግኘቴ ነው ያለቀስሁት።

ጥር ላይ እጄ ረጋ። ቀሚሴም መሙላት ጀመረ። ራሄል ትምህርቷን ቀጠለች። የሙት ዓመቱን ተዝካር አውጥተን ጥቁሩን አወለቅሁ። ያኔ ነው ማንበብ ያማረኝ። እራት ሊቀርብ ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ያ ሰዓት ባዶ ሆኖ ይመጣል። መጽሐፉን ከጨርቁ አወጣሁና የዕለቱን ዳዊት ልድገም ብዬ ተነሣሁ። ዳዊት በሰባቱ ዕለታት የተከፋፈለ ነው፤ የሰኞ አለ፣ የማክሰኞ አለ፤ ካህናቱ እንደዚያ ነው የሚደግሙት። ሰኞ ጀመርሁ። አምስተኛው መዝሙር ላይ ስደርስ አንደኛው ምን እንዳለ ጠፋኝ። ቃሉ በዓይኔ ያልፋል እንጂ አይገባም። ማክሰኞ የሰኞ ቀሪ አለብኝ። ረቡዕ የሁለት ቀን ዕዳ ሆነ። ቅዳሜ ላይ ተስፋ ቆርጬ መጽሐፉን ዳግመኛ ጠቅልዬ ወደ ትራሴ መለስሁት። ለእኔ የተሰጠ አይደለም አልሁ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። እባካችሁ ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡ። በአገራችን ዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀመስም። ክኒን ያለ ውኃ አይዋጥም። ሐኪሟም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ በገዛ ራሴ የጠዋቱንና የቀትሩን ትቼ የማታውን ብቻ መዋጥ ጀመርሁ። ባለፈው ዓመት ጾም በሐዘን ስለደከምሁ በደንብ አልጾምሁም ነበር፤ ዘንድሮ ግን ስለ አንማው ነፍስ አጥብቄ እጾማለሁ ብዬ ነው። እማማ ድንቄም፣ «እንግዲያማ ቋሪት ሄደን ጠበል እንጠመቅ፤ ጾምና ጠበል አብረው ያድናሉ» አሉ። ሄድን። ጠበል ላይ ሳለሁ የማታውንም ተውሁት፤ ከጠበል ጋር መድኃኒት መቀላቀል ድፍረት መሰለኝ። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

መጀመሪያ ልቤ ተመለሰች። ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ ትውከት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጠበሉ ስወጣ ሰማዩ ዞረብኝ። እንደነገሩኝ፣ እማማ ድንቄን ማን እንደሆኑ ጠይቄያቸዋለሁ። የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸከሙኝ። ሲደክማቸው ትከሻ እየተለዋወጡ፣ ዳገቱን በ«አይዞሽ እታለም» እየወጡ እስከ መኪና መንገድ አደረሱኝ። ጾማቸውን ነበሩ፤ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። ከዚያ በጭነት መኪና ጅጋ፣ ከጅጋ ፍኖተ ሰላም። ሆስፒታል ተኛሁ። ለራሄል ሐኪሞቹ ጥቂት ብትቆይ ኖሮ አትተርፍም ነበር ብለዋታል። ልጄ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከትምህርት ቤት ነው የጠሯት። ያ የፈራሁት ነገር ለጥቂት ነው ያመለጠን።

የንስሐ አባቴ ቄስ ሞላ ሊጠይቁኝ መጡ። ነገሩን ሰምተዋል። በክርስትና ስሜ ነው የሚጠሩኝ።

«ወለተ ሥላሴ፣ የታመመ ሰው ክኒን ሲውጥ ጾሙን ገደፈ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም አላለኝም አባቴ። እኔው ነኝ።»

«ጠበልና መድኃኒት አይገናኝም ያለሽስ?»

«እሱንም እኔው።»

«እንግዲያው ለራስሽ ቀኖና ሰጥተሻል። እኔ ደግሞ ቀኖና የምሰጥ እኔ መስሎኝ ነበር» አሉና ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠና። «ስሚኝ ልጄ። ጠበሉም የእግዚአብሔር ነው፤ የሐኪሙም እጅ የእግዚአብሔር ነው። ጠበሉን ጠጪ፣ ክኒኑን ዋጪ። በጠዋት ከውኃ ጋር ዋጪው። በዚህ የሚጠይቅሽ ካለ እኔን ይጠይቀኝ።»

እማማ ድንቄ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «እኔ ነኝ አባቴ የወሰድኋት» አሉ።

«እርሰዎማ ሊያድኗት ነው የወሰዷት። ማን ይቀየመዎታል?»

ቄስ ሞላ ከትራሴ ሥር ነጩን ጥቅል አዩት። እማማ ድንቄ ሆስፒታል ድረስ ይዘውት መጥተዋል። አወጡት፤ ፈቱት።

«ይህ ምንድን ነው? ዳቦ ጠቅልላችሁ ከራስጌ ብታኖሩት ማን ይጠግባል?»

ሞክሬ እንዳልቻልሁ ነገርኋቸው። የሰኞው ዳዊት እንዴት ወደ ማክሰኞ እንደተረፈ፣ ቃሉ እንዴት እንደማይገባኝ ነገርኋቸው።

«እሱ እኮ መድገም ነው» አሉ። «የሚደግም ሰው ይጸልያል። አንቺ ግን መማር ነው የፈለግሽው። እስቲ ልጠይቅሽ፣ አንደኛ ክፍል በመጀመሪያው ቀን ስንት ፊደል ታስተምሪያለሽ?»

«ሁለት። ቢበዛ ሦስት።»

«ታዲያ ራስሽን ምን ብለሽ ከዲያቆናት ክፍል አስገባሽው?»

መጽሐፉን ጭኔ ላይ አኖሩልኝና ቀጠሉ።

«ክኒንሽ ሦስት ጊዜ ነው አይደል? ክኒኑን በዋጥሽ ቁጥር ጥቂት አንብቢ። ጠዋት ከመዝሙር፣ ቀትር ከወንጌል፣ ማታ ከብሉይ። ጥቂት ነው ያልሁሽ። የገባሽን ለሰው ንገሪ፤ ያልገባሽን እሑድ ለእኔ አምጪልኝ። ለብሉዩ ከሩት ጀምሪ። አጭር ናት።»

እንዲህ ተጀመረ። ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት ስገባ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ራሴን ተቀበልሁት። ልጆቼን እንዴት ነው የማስተምረው? ጣታቸውን ከቃሉ ሥር አስይዛለሁ። ጮክ ብለው ያነባሉ። መጽሐፉን ይዘጋሉ። «ምን አለ?» እላቸዋለሁ፤ በራሳቸው አፍ ይነግሩኛል። ካልነገሩኝ እንደገና ይከፍታሉ። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ጣቴን ከመስመሩ ሥር አስይዤ፣ ጮክ ብዬ፣ አንድ ታሪክ ወይም ጥቂት ቁጥር ብቻ አነባለሁ። እዘጋለሁ። ለእማማ ድንቄ እነግራቸዋለሁ። ለጥያቄ የሚሆነኝን ለእሑድ እይዘዋለሁ። በዚህ ብቻ አበቃ። የሚቀረኝ ዕዳ የለም፤ ያልተነበበ ቀን ቢኖር ነገ ከቆምሁበት እቀጥላለሁ። ክኒኑ መጽሐፉን ያስታውሰኛል፣ መጽሐፉ ክኒኑን። አንዱን ብረሳ ሌላው ይጠራኛል።

ሁልጊዜ ጣፋጭ ነበር አልልም። ብዙ ቀን አንብቤ ምንም አልተሰማኝም። ልቤ የተረጋጋችው በመድኃኒቱ ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ነገር ግን ሕመሙ ሲለቀኝ ሐዘኑ ብቻውን ቀረ። እሱን የሚያክም ክኒን አልነበረም። መዝሙር ላይ ሰውዬው ለእግዚአብሔር የሚያሰማውን እሮሮ ሳነብ ደነገጥሁ። እንዲህም ብሎ መናገር ይቻላል? አንማው ከሞተ ጀምሮ እኔ በጸሎት «ተመስገን» ብቻ ነበር የምል፤ የቀረውን እውጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ መዋጡን ተውሁ።

ሩትን የጀመርን ማታ እማማ ድንቄ ጥጥ እየፈተሉ ይሰሙኛል። ባሏና ሁለት ልጆቿ በሰው አገር የሞቱባትን የኑኃሚንን ነገር ነገርኋቸው። ምራቶቿን ወደየእናታችሁ ቤት ተመለሱ እንዳለቻቸው፣ አንዷ እንደተመለሰች፣ ሩት ግን አልለይሽም እንዳለች ነገርኋቸው።

«የተመለሰችይቱ ማን ናት?»

«ኦርፋ።»

«ሰው ያማታል?»

«በስብከት ላይ ብዙም አያመሰግኗትም።»

«ምን አጠፋች? አማቷ ሂጂ አለቻት፣ ሄደች። ታዛዥ ልጅ ናት። ለእሷም ይዘንላት እንጂ።»

እሑድ ይህን ለቄስ ሞላ ነገርኋቸው። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እኔ ሰብኬ ለኦርፋ ያዘነ አላየሁም። ለእማማ ድንቄ ንገሪልኝ፤ በሚመጣው እሑድ እኔ አዝንላታለሁ» አሉ።

ኑኃሚን አገሯ ገብታ ሴቶቹ ሲቀበሏት፣ በስሜ አትጥሩኝ፣ መራራ በሉኝ ማለቷን ስነግራቸው ግን እማማ ድንቄ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ስሟን ለወጠች?»

«አዎ።»

«እኔም ብያለሁ። ከቀብር ስንመለስ ድንቄ አትበሉኝ ብያለሁ። የሰማኝ የለም እንጂ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚያየው፤ እሳቸው የእኔን ላብ ሲጠርጉ ከረሙ። የሞተው ልጃቸው መሆኑን ያወቀላቸው ሰው አልነበረም። ተነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ያን ማታ ከዚያ በላይ አላነበብንም። ስለ አንማው አወራን። ሕፃን ሳለ በገብስ ነዶ ውስጥ ተደብቆ መንደሩን ሁሉ እንዴት ፍለጋ እንዳስወጣ ነገሩኝ። አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። በማግስቱ የሩትን ቃርሚያና ዐውድማ ስናነብ፣ «እዚያም ገብስ ይታጨዳል?» ብለው ደስ አላቸው። ሩት በማታ ወደ ዐውድማው መውረዷን ስነግራቸው ደግሞ፣ «ኧረ ጉድ! አማቷ ናት የላከቻት?» ብለው ራሄልን ከክፍሉ አስወጧት። ራሄል ግን ከበር ኋላ ሆና ሰምታዋለች።

ልጄ ሰኔ ላይ ፈተናዋን ተፈተነች። አለፈችም። አሁን ደብረ ማርቆስ ሆና ትማራለች። እማማ ድንቄ ወደ ቋሪታቸው ተመልሰዋል፤ ስሄድ አንዳንድ ታሪክ እንድነግራቸው ያዙኛል፤ ኦርፋን በተመለከተም ሐሳባቸውን አልለወጡም።

ይህን ለምታነቡ አንዳንድ ነገር ልበል። ሐዘን ያከሳል፣ እንቅልፍም ይነሣል፤ እውነት ነው። ነገር ግን እየበላችሁ የምትከሱ፣ ሳትሮጡ ልባችሁ የምትሮጥ፣ በብርድ የሚያልባችሁ፣ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አንገታችሁን ገልጣችሁ ለሐኪም አሳዩ። ሻሹን ብትፈቱት ሙታችሁ አይቀየምባችሁም። ጾም ሲመጣ መድኃኒታችሁን በገዛ ፈቃዳችሁ አትተዉ፤ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። ከመጠየቅ የሚመጣ ኀፍረት በቃሬዛ ከመሄድ ይሻላል። መጽሐፉን ማንበብ የምትፈልጉ ደግሞ ከአቅማችሁ በታች ጀምሩ። ሰዓቱን ከማትረሱት ነገር ጋር እሰሩት። የሚሰማችሁ አንድ ሰው ፈልጉ፤ ሰው ባይኖር ለግድግዳው ንገሩት። ያልገባችሁን አትደብቁት።

ሐኪሟ መድኃኒቱን ካስቆመችኝ ቆይቷል። በዓመት አንዴ ደሜን ለመታየት ባሕር ዳር እሄዳለሁ። ከአንማው ጋር የሠራነው ቤት አሁንም ጸጥ ያለ ነው፤ ሐዘኔም አላለቀም። ሦስቱ ሰዓቶች ግን አልቀሩም። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት መዝሙር፣ ቀትር ላይ ወንጌል አነባለሁ። ማታ ነቢያት ላይ ደርሻለሁ። አሁን ሕዝቅኤል ነው፤ ይከብደኛል። ጥቂት ጥቂት እያልሁ አነበዋለሁ።